ከጉንዳን የተማሩ ትንንሽ ማሽኖች
(ለማታ ተማሪዎች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሮቦት ነው። ያውም በፋብሪካ ውስጥ መኪና ስለሚገጣጥመው ትልቁ ሮቦት ሳይሆን፣ ጉንዳንን፣ በረሮን፣ አንበጣንና ንብን አይተው ስለ ሠሯቸው ትንንሾቹ ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሮቦት የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው ካሬል ቻፔክ የተባለ የቼክ ደራሲ ነው። በ1920 በጻፈው ቲያትር ውስጥ ለሰው እየሠሩ የሚኖሩ ሰው ሠራሽ ፍጡሮች አሉ፤ ስማቸውን ሮቦት አላቸው። ቃሉ የመጣው በቼክ ቋንቋ «ሮቦታ» ከሚለው ነው። ሮቦታ ማለት ገባር ለባላባት ያለ ደመወዝ በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነው። በአገራችን በዱሮው ጊዜ ጭሰኛው የባለርስቱን ሁዳድ ሲያርስና ሲያጭድ የኖረበት ዓይነት ማለት ነው። ስሙ እንግዲህ «ለማን ነው የሚሠራው?» የሚል ጥያቄ ይዞ ነው የተወለደው። ወደዚህ ጥያቄ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሮቦት ከሌላው ማሽን የሚለየው በምንድን ነው? የእህል ወፍጮን እንውሰድ። ባለወፍጮው ሞተሩን ካስነሣው ወፍጮው ይዞራል። እህሉ አለቀ አላለቀ፣ ጠጠር ገባ አልገባ፣ የሰው ጣት ገባ አልገባ፣ ለወፍጮው ሁሉም አንድ ነው። አያይም፣ አይሰማም። ሮቦት ግን አካባቢውን ይዳስሳል፤ የዳሰሰውን ይዞ ምን ማድረግ እንዳለበት ይመርጣል፤ የመረጠውንም ይፈጽማል። ይህን ሁሉ ሰው በገመድ ወይም በሬዲዮ ሳያዘው የሚያደርግ ከሆነ በራሱ የሚሠራ ሮቦት ይባላል። ይመርጣል ስል ነፍስ አለው ማለቴ አይደለም። ጋኔንም አልገባበትም። ሽቦ፣ ብረት፣ ፕላስቲክና ኤሌክትሪክ ነው፤ እንዴት እንደሚመርጥም ዛሬ አብረን እናያለን።

ሊቃውንቱ መጀመሪያ የሄዱት በትልቅ ጭንቅላት መንገድ ነበር። ማሽኑ አስቀድሞ ስለ አካባቢው ሁሉን ማወቅ አለበት፣ ካርታ መሥራት አለበት፣ ከዚያ በኋላ ነው እግሩን የሚያነሣው ብለው አሰቡ። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሃንስ ሞራቬክ የተባለ ተመራማሪ ካሜራ የተገጠመለት ጋሪ ነበረው። በ1979 ይህን ጋሪ ወንበር በተደረደረበት ክፍል ውስጥ ለቀቀው። ጋሪው አንድ ሜትር ያህል ይሄድና ይቆማል። ቆሞ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ያሰላል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያስባል። ከዚያ ሌላ አንድ ሜትር። ወንበሮቹን ሳይነካ ክፍሉን ለማቋረጥ 5 ሰዓት ያህል ፈጀበት። በጊዜው ይህ ትልቅ ድል ነበር፤ አልንቀውም። ነገር ግን እሱ ቆሞ ሲያስብ አንድ ሰው ወንበሩን ገፋ ቢያደርግበት፣ ያሰበው ሁሉ ከንቱ ነው።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረና የሞራቬክን ሥራ በቅርብ ያየ ሮድኒ ብሩክስ የሚባል የአውስትራሊያ ተወላጅ ነበር። እሱ ነገሩን ገልብጦ አየው። የንብ አንጎል 1 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ የሰው አንጎል ግን ወደ 86 ቢሊዮን። ታዲያ በዚያች ቅንጣት አንጎል ንቧ ትበራለች፣ አበባ ትመርጣለች፣ ቀፎዋን አትስትም። ዝንብንም በእጃችሁ ለመምታት ሞክሩ እስቲ። ቁጭ ብላ ካርታ ትሥላለች እንዴ? ገና እጃችሁ ሲነሣ የለችም። እንግዲያው ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ትልቅ ጭንቅላት ሳይሆን ሌላ ነገር ነው አለ።

በ1989 ብሩክስና ተማሪዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አንዲት ባለ ስድስት እግር ሮቦት ሠሩ። ስሟን ጀንጊስ አሏት። ርዝመቷ አንድ ክንድ አይሞላም፤ ክብደቷ 1 ኪሎ ያህል ነው። በየእግሯ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 12 ትንንሽ ሞተሮች አሏት። ከፊቷ እንደ በረሮ ቀንድ የወጡ ሁለት የሽቦ ጢሞችና የሰውነት ሙቀት የሚለዩ ስድስት መዳሰሻዎች ተገጥመውላታል።

አሠራሯ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተሰጣት መቆም ብቻ ነበር። ቀጥሎ አጫጭር ሕጎች ተጨመሩላት። የተነሣ እግር ወደ ፊት ይሂድ። አንድ እግር ወደ ፊት ሲሄድ ሌሎቹ ጥቂት ወደ ኋላ ይግፉ። የተነሣ እግር ተመልሶ ይውረድ። ከነዚህ ሌላ ተራ የምታስይዝ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች፤ ሥራዋ «አሁን አንተ ተነሣ፣ አሁን ደግሞ አንተ» ማለት ብቻ ነው። እነዚህ ሕጎች አንድ ላይ ሲሠሩ ጀንጊስ ተራመደች። ከዚያ በላዩ ላይ ሌላ ሕግ መጣ፤ ጢሟ አንድ ነገር ከነካ እግሯን ከፍ አድርጋ ታንሣ። በዚህ እንቅፋት መሻገር ቻለች። በመጨረሻም መዳሰሻዎቹ ሙቀት ካዩ ወደ ሙቀቱ ትሂድ የሚለው ተጨመረ። ግድግዳ ሲመረግ የመጀመሪያው ምርጊት ሳይፈርስ ሁለተኛው በላዩ እንደሚለጠፍ ነው፤ አዲሱ ሕግ የቀድሞውን አያፈርሰውም።

ውጤቱ ምን ሆነ? ሰው በፊቷ ሲያልፍ ጀንጊስ መጽሐፍና እንጨት እየተሻገረች ትከተለዋለች። የሚያያት ሰው «ይህቺ ነገር እኔን ትፈልጋለች» ይላል። ነገር ግን ሆዷን ከፍታችሁ ብትፈትሹ «ሰው መፈለግ» የሚል ነገር የትም ተጽፎ አታገኙም። ያለው «እግር ተነሣ፣ እግር ውረድ፣ ሙቀት ወዳለበት ዙር» ብቻ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ይህ ነው።

በረሮም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጭንቅላቱ የተቆረጠ በረሮ ለብዙ ቀናት በሕይወት እንደሚቆይና እግሮቹም እንደሚንቀሳቀሱ የተረጋገጠ ነው። ምክንያቱም እግሮቹን የሚያዙት የነርቭ ቋጠሮዎች ያሉት በደረቱ ውስጥ ነው። የሚተነፍሰውም በአፉ ሳይሆን በጎኑ ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ጭንቅላቱ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል እንጂ እያንዳንዷን እርምጃ አያዝም።

አረማመዱንም ልብ ብላችሁ እዩት። በረሮም ሆነ ጉንዳን ስድስቱን እግር ዝም ብሎ አያወራጭም። በአንድ ጎን የፊተኛውንና የኋለኛውን፣ በሌላው ጎን የመካከለኛውን ይረግጣል፤ የቀሩት ሦስቱ በአየር ላይ ናቸው። ከዚያ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ ሦስት እግር መሬት ላይ አለ። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ አይነቃነቅም፣ በሁለት ጉልቻ ግን ይወድቃል አይደለም? ምስጢሩ እሱ ነው። ባለ ስድስት እግር ሮቦት የሚሠሩ መሐንዲሶችም ይህን የሦስት ጉልቻ አረማመድ ነው በብዛት የሚጠቀሙበት።

በራስ መሥራት የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ከመሬት ወደ ማርስ የሚላክ የሬዲዮ ትእዛዝ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ማርስ ላይ ያለች ሮቦት ገደል አፋፍ ስትደርስ «ኧረ ቁሚ!» ብንል፣ ቃላችን ሲደርስ እሷ ከገደሉ ግርጌ ናት። በ1989 ብሩክስና አኒታ ፍሊን ወደ ሌሎች ዓለማት አንድ ትልቅና ውድ ማሽን ከመላክ ብዙ ትንንሽና ርካሽ ሮቦቶችን መላክ ይሻላል ብለው ጽፈው ነበር። በሐምሌ 1997 ማርስ ላይ የወረደችው ሶጆርነር 10 ኪሎ ተኩል ያህል የምትመዝን፣ ባለ ስድስት ጎማ ትንሽ ተሽከርካሪ ነበረች። ፊት ለፊቷ ያለውን ድንጋይ ራሷ እያየች ትዞረው ነበር።

አሁን ወደ ጉንዳን እንመለስ። በእኛ ሰፈር የምናየው ጉንዳን ተሰልፎ የሚሄደው ጓደኛው የተወለትን ጠረን እየተከተለ ነው። መንገዱን በጣታችሁ ብታብሱት ሰልፉ እዚያ ላይ ይደናገራል። በሰሐራ በረሃ ያለው አንድ የጉንዳን ዓይነት ግን በጠረን አይሄድም፤ የጋለው አሸዋ ጠረኑን አያቆይም። ብቻዋን ትወጣለች፤ ምግብ ፍለጋ ወዲህና ወዲያ ትዞራለች፤ የሞተ ነፍሳት ስታገኝ ግን በመጣችበት ጠመዝማዛ መንገድ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጉድጓዷ ትመለሳለች። ምልክት በሌለበት ሜዳ እንዴት አወቀችው?

ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ የመጡ ሦስት ተመራማሪዎች በቱኒዚያ በረሃ ያደረጉትን ሙከራ በ2006 አሳትመዋል። ጉንዳኖቹን ከጉድጓዳቸው 10 ሜትር ርቆ ወደሚገኝ ምግብ በቦይ ውስጥ እንዲሄዱ አደረጓቸው። ምግቡ ዘንድ ሲደርሱ ያዟቸው። የአንዳንዶቹን እግር የዐሳማ ፀጉር በማጣበቂያ እየቀጠሉ አረዘሙት፤ የሌሎቹን ደግሞ ቆርጠው አሳጠሩት። (ጭካኔ ነው፤ እኔም ሳነበው ቅር ብሎኛል።) ከዚያ ለቀቋቸው። እግሯ ያልተነካ ጉንዳን ወደ 10 ሜትር ስትደርስ ቆማ ጉድጓዷን ትፈልጋለች። እግሯ የረዘመው ጉድጓዷን አልፋ፣ ከ15 ሜትር በላይ ሄዳ ነው መፈለግ የጀመረችው። እግሯ ያጠረው ደግሞ 6 ሜትር ሳትሞላ ቆመች። በኋላ ግን በአዲሱ እግራቸው ከጉድጓድ ወጥተው በዚያው እግር ሲመለሱ ልኩን አገኙት።

ጉንዳን ትቆጥራለች ማለት ነው እንዴ? እንደ እኔና እንደ እናንተ 1፣ 2፣ 3 ብላ አይደለም። ግን የእርምጃዋን ብዛት የሚመዘግብ አንድ ነገር በውስጧ አለ። ገበሬ ማሳውን በእርምጃ እንደሚለካው እሷም ርቀቷን በእርምጃ ትለካለች። አቅጣጫውን ደግሞ ከሰማይ ታገኘዋለች። የሰማይ ብርሃን እንደ ፀሐይ አቀማመጥ በተወሰነ አቅጣጫ እየተርገበገበ ይመጣል። የእኛ ዓይን ይህን አይለይም፤ የእሷ ዓይን ግን ይለየዋል። ስለዚህ ፀሐይቱ ባትታያትም እንኳ ጥቂት የጠራ ሰማይ ካገኘች ይበቃታል።

በ2019 በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ይዘው አንትቦት የምትባል ባለ ስድስት እግር ሮቦት አሳዩ። ሰማይ የምታነብ ዓይን ሠሩላት፤ እርምጃዋንም እንድትመዘግብ አደረጓት። ካርታ የላትም፤ ከሳተላይትም መንገድ አትጠይቅም። 14 ሜትር ያህል ወዲህ ወዲያ ዞራ ወደ ተነሣችበት ስትመለስ ስሕተቷ በሴንቲሜትር የሚቆጠር ብቻ ነው። ክብደቷ ግን 2.3 ኪሎ ነው፤ የሰባ ዶሮ ያህላል። ጉንዳኗ ይህን ሁሉ የምትሠራው ከጤፍ ቅንጣት ብዙም በማይበልጥ ጭንቅላት ነው።

ስለ አንበጣ ብዙ ማውራት አያሻም፤ በ2020 በአገራችን ምን እንዳደረገ ሁሉም ያውቃል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል። ግን ይህ ሁሉ ሲበር እርስ በርሱ ሲላተም አይታይም። በእንግሊዝ አገር የኒውካስሏ ተመራማሪ ክሌር ሪንድና ባልደረባዋ ፒተር ሲመንስ ይህን ሲያጠኑ፣ በአንበጣ ራስ ውስጥ ወደ እሱ የሚመጣን ነገር ብቻ የሚጠባበቅ አንድ ትልቅ የነርቭ ሕዋስ በየጎኑ እንዳለ አሳዩ። በጎኑ ለሚያልፍ ነገር ብዙም አይደነግጥም። ፊት ለፊት እየሰፋ ለሚመጣ ነገር ግን ይጮኻል። ይህን የፈተኑት አንበጣውን ስታር ዎርስ የሚባለውን የጠፈር ጦርነት ፊልም በማሳየት ነበር! በ2005 ሰውን መጀመሪያ አስቆ ኋላ ለሚያሳስብ ሥራ የሚሰጠውን ሽልማት አግኝተውበታል። ዛሬ የዚያ ሕዋስ አሠራር ትንንሽ ሮቦቶች ከግድግዳ ጋር እንዳይላተሙ ለማድረግ ይሠራበታል። አንበጣ መቼም ጠላታችን ነው፤ ከጠላትም መማር ይቻላል።

«ታዲያ ትልቁን ማሽን አሳንሶ መሥራት ምን ያስቸግራል?» የሚል ይኖራል። ያስቸግራል፤ ዋናው የዚህ ሥራ ጣጣም ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድን ነገር ቁመቱንም ወርዱንም ከፍታውንም በግማሽ ብታሳንሱት፣ የገጹ ስፋት ወደ ሩብ ሲወርድ ክብደቱ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ነገሩ እያነሰ በሄደ ቁጥር ክብደቱ ቶሎ ያልቅና ገጹ ይገንናል። ጉንዳን ከጣራ ብትወድቅ ተነሥታ ትሄዳለች። በሬ ከጣራ ቢወድቅ ግን፣ መቼም በሬ ጣራ ላይ አይወጣም እንጂ፣ ቅርጫ ነው። በአንጻሩ ለእኛ ምንም ያልሆነች የውኃ ጠብታ ለጉንዳን ወጥመድ ናት፤ ገብታ መውጣት ያቅታታል። ለትንንሽ ማሽንም እንዲሁ ነው። ጥርስ ያለው መዘውር የሚያዞር ሞተር በጣም ሲያንስ ጉልበቱን ሁሉ ፍትጊያ ይበላዋል።

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ዉድና ባልደረቦቹ ስለዚህ ሞተሩን ተዉት። በእሱ ፈንታ ኤሌክትሪክ ሲነካው ጥቂት የሚታጠፍ ስስ ዝርግ ነገር አገኙ፤ እንደ ጡንቻ ያገለግላል። የማሽኗን አካል ደግሞ በእጅ ለመገጣጠም ስለሚያዳግት ከስስ ዝርግ ነገሮች በላይ በላዩ እየደራረቡ በጨረር ቆረጡትና እንዲታጠፍ አደረጉ። የሕፃናት መጽሐፍ ሲከፈት ከመሀሉ ቤትና ዛፍ ተነሥቶ እንደሚቆም ዓይነት ነው። በ2013 ሮቦቢ የተባለችው ሰው ሠራሽ ንብ በታዘዘችበት አቅጣጫ በረረች። ክብደቷ 80 ሚሊግራም ነው፤ ከአንዲት እውነተኛ ሠራተኛ ንብ ቀለል ትላለች። ክንፎቿ ሲዘረጉ 3 ሴንቲሜትር ናቸው፤ በሴኮንድ 120 ጊዜ ይመታሉ።

ግን ጅራቷ ላይ ፀጉር የመሰለ ሽቦ ነበረ። ኤሌክትሪኩም ትእዛዙም በዚያ ሽቦ ነው የሚመጣላት። በውጭ ያሉ ካሜራዎች ይመለከቷታል፣ በውጭ ያለ ኮምፒዩተር ያስብላታል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት በ2013 የበረረችው ሮቦቢ በራሷ የምትሠራ አልነበረችም፤ በክር የታሰረች ጥንዚዛ ነበረች። ልጆች ሆነን ያልያዝን የለም።

ሽቦው ለምን አስፈለገ? በስንቅ ምክንያት ነው። ባትሪ ከባድ ነው። እኩል ክብደት ያለው ስኳርና ባትሪ ብናስተያይ ስኳሩ ከ10 እጥፍ በላይ የሆነ ጉልበት ይዟል። ንብ ከአበባ የቀሰመችውን ጣፋጭ ውኃ ይዛ ኪሎ ሜትሮች ትሄዳለች፤ መንገድ ላይ ቢያልቅባት ሌላ አበባ አለ። ማሽኗ ግን የሚበቃትን ባትሪ ብትሸከም አትነሣም፤ የምትሸከመውን ያህል ብቻ ብትይዝ አትርቅም። በ2019 እነዚሁ ሰዎች አራት ክንፍና ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጡ ትንንሽ ገጾች የተገጠሙላት ሌላ ማሽን ያለ ሽቦ አስነሡ። ጠቅላላ ክብደቷ 259 ሚሊግራም ነበር። ለመብረር ከፀሐይ ብርሃን ሦስት እጥፍ የሚሆን ብርሃን ማብራት ነበረባቸው፤ በአየር የቆየችውም አንድ ሴኮንድ ለማይሞላ ጊዜ ነው። የስንት ዓመት ድካም፣ ለዐይን ጥቅሻ ያህል! ሆኖም ያቺን ታህል ማሽን ያለ ሽቦ ማስነሣት በጣም ከባድ ሥራ ነውና ድካሙ ከንቱ አልነበረም።

አንዲት ትንሽ ማሽን ብቻዋን ብዙ አትሠራም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? በ2014 በዚያው በሃርቫርድ ራዲካ ናግፓልና ማይክል ሩበንስታይን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው 1,024 ትንንሽ ሮቦቶችን በአንድ ገበታ ላይ አሰለፉ። ኪሎቦት ይባላሉ። እያንዳንዳቸው 3.3 ሴንቲሜትር ስፋት አላቸው፤ በሦስት ቀጫጭን ሽቦ ላይ ቆመው እየተንቀጠቀጡ ይንፏቀቃሉ። ከጎናቸው ላሉት ብቻ በማይታይ ብርሃን መልእክት ያስተላልፋሉ። «ኮከብ ሥሩ» ተባሉ። አለቃ የለም፤ ከላይ ሆኖ ቅርጹን የሚያይ የለም። እያንዳንዱ የሰልፉን ዳር ይዞ ይዞራል፤ ከጎረቤቶቹ ያለውን ርቀት ይለካል፤ ቦታው ሲደርስ ይቆማል። 12 ሰዓት ያህል ፈጅቶ ኮከቡ ተሠራ። በመሀል አንዳንዱ ይበላሻል፣ መንገድ ይዘጋል፤ ሌሎቹ ዞረውት ያልፋሉ። ምስጥ ኩይሳ የምትሠራውም እንዲህ ነው። ንድፍ የያዘ መሐንዲስ በኩይሳው ውስጥ የለም።

እስካሁን ስለ አሠራሩ ነበር። ጥቅሙስ? ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው በፍርስራሽ ሥር የተቀበረ ሰው መፈለግ ነው። በ2016 በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ካውሺክ ጀያራምና ሮበርት ፉል በረሮ 3 ሚሊሜትር በሆነ ስንጥቅ ውስጥ ተጣጥፎ እንደሚያልፍ፣ የሰውነቱን 900 እጥፍ ክብደት ቢጫነውም እንደማይጎዳ ለክተው አሳዩ። ከዚያ እሱን የሚመስል፣ ተጨፍልቆ የሚሮጥ ሮቦት ሠሩ። ከመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ከመሬት መንሸራተት በኋላ ሰው በማይገባበት ገብቶ «እዚህ ጋ እስትንፋስ አለ» የሚል ማሽን ቢገኝ የስንቱን እናት እንባ ባበሰ። ይህን ከልቤ እደግፋለሁ።

ሁለተኛው ጥቅም ተብሎ የሚነሣው ግን አይዋጥልኝም። «ንብ ብትጠፋ ሰው ሠራሽ ንብ አበባውን ታዳቅልልናለች» የሚሉ አሉ። ሒሳቡን እናስላ። በአንድ ቀፎ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንቦች አሉ። ራሳቸው ይወለዳሉ፣ ስንቃቸውን ራሳቸው ያገኛሉ፣ ሲሞቱ ይተካሉ፣ በዚያ ላይ ማርና ሰም ይሰጣሉ። በሌላ በኩል ያለችው ከፀሐይ ሦስት እጥፍ ብርሃን በርቶላት ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ የበረረች ማሽን ናት። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ኑግ ዘርታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የኑግ አበባ በራሱ ዱቄት አያፈራም፤ ከሌላ ተክል የሚያመጣለት ነፍሳት ይፈልጋል፤ ይህንን ከሁሉ በላይ የምትሠራው ንብ ናት። ታዲያ አበባው በፈካበት ሰዓት ንብ እያለች ፀረ ተባይ መርዝ እየረጩ፣ በሌላ እጅ ለማሽን ንብ ተስፋ ማድረግ ምን ይባላል? መርዙን ለመርጨት የግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ሲመሽ ይረጭ፤ ለጎረቤት ባለቀፎም አስቀድሞ ይነገር። ይህ ምንም ሮቦት አይጠይቅም።

አሁን ቀደም ብዬ ወዳቆየሁት ጥያቄ ልመለስ፤ ለማን ነው የምትሠራው? የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. በ1970ዎቹ የሰው ወሬ ለማዳመጥ አንዲት ሰው ሠራሽ በራሪ ሠርቶ ነበር። በኩሬ ዳር የምትበረውን፣ ቀጭን ረጅም አካልና አራት ክንፍ ያላትን ነፍሳት ታውቋት የለ? መልኳ እንደ እሷ ነበር። ነፋስ ከጎን ሲመጣባት መንገዷን መያዝ ስላልቻለች ለሥራ ሳትውል ቀረች፤ በድርጅቱ ሙዚየም ተቀምጣለች። በ2011 ደግሞ በአሜሪካ መከላከያ የምርምር ገንዘብ 19 ግራም የምትመዝን፣ ክንፏን እያርገበገበች የምትበር ካሜራ የያዘች ማሽን ታየች፤ ትንሽ ወፍ አስመስለው ነው የሠሯት። በፍርስራሽ ሥር ሕፃን የምትፈልገው ማሽንና በሰው መስኮት ገብታ የምትሰልለው ማሽን እግራቸው አንድ ነው፣ ክንፋቸው አንድ ነው፣ ዓይናቸው አንድ ነው። የሚለያዩት በላካቸው ሰው ነው።

ስለዚህ «በራሷ የምትሠራ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ በጥንቃቄ ስሙት። ጀንጊስ እግሯን ራሷ ታነሣለች፤ ሙቀት ተከተይ የሚለውን ሕግ ግን ሰው ነው የጻፈላት። የሆነ ቦታ ላይ አንዲት ማሽን ጉዳት አድርሳ፣ ባለቤቱ «እኔ ምን አደረግሁ፣ በራሷ ነው የሠራችው» ቢል፣ ባለበሬው በሬዬ የሰው አዝመራ የበላው በራሱ ነው እንደ ማለት ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት ይህ መልስ አያስኬድም፤ ባለበሬው ይከፍላል።

ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ላቦራቶሪያቸው ውድ ነው፤ የተነሡበት ነገር ግን በየደጃችን ያለ ነው። የበረሃዋ ጉንዳን እርምጃ የታወቀው በቦይ፣ በዐሳማ ፀጉርና በማጣበቂያ ነው። ቀፎ የሚጠብቅ ሰው፣ ምስጥ ከጎተራው ሲያባርር የኖረ ሰው፣ ስለ እነዚህ ፍጥረቶች መጽሐፍ ያላየው ብዙ ነገር ያውቃል። ያን የምታውቁትን አሁን በእጃችሁ መጻፍ ትችላላችሁና በየደብተራችሁ ጻፉልኝ። ምስጥ ከዝናብ በፊት ምን ታደርጋለች? ንብ ከቀፎ የምትወጣው በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው አበባ ጊዜ ነው? ጉንዳን ከራሷ የሚበልጥ ሸክም ሲያጋጥማት ስንት ሆነው ይሸከሙታል፤ ማንኛዋስ ትጎትታለች፣ ማንኛዋ ትገፋለች? በሚቀጥለው ትምህርት የጻፋችሁትን እያነበባችሁ እንነጋገርበታለን።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ።